ፍሬን

እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ፤ መኪና አልሠራሁም፣
መሪ አልጨበጥኩም፣ ጎማ አላሰርሁም።
በእርሳስ ነው የምጽፍ፤ ቀለም ዝናብ ይፈራል፣
እርሳስ ግን ቢረጥብም የያዘውን ይናገራል፤
የዙሩን ደቂቃ፣ የባትሪውን ሙቀት፣
ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ቆመ በሌሊት።

ኡዌዳ፣ ከተራራው ሥር፣ ድሮ የሐር ቤት፣
ትል ክሩን ሲተፋ ዘመን ያለፈበት፤
ዛሬ የካርቦን ጨርቅ እየተደራረበ፣
በምድጃ በስሎ ገላ ሆኖ ቀረበ።
ካሳሳጊ አልናት፣ በጥቁርና ነጭ ወፍ፣
ገና ሳትፈተሽ፣ ገና ሳትሰለፍ።

ሺዙኤ ኦጊዋራ፣ የባትሪዋ እናት፣
ሦስት የበረዶ ወራት ከሽቦ ጋር ስትሟገት
አንድ ማታ ጠየቅኋት፤ "ይህ ሁሉ ድካም ለምን?"
እርሳሴን ነጠቀችኝ፤ ጻፈች፦ "ለፍሬን።"

"ሌላው መኪና ሲቆም የሮጠበትን ጉልበት
በብረት ላይ አቃጥሎ ይበትናል እንደ ትቢያ፤
ይህች ግን ቋጣሪ ናት፤ ከየመታጠፊያው
የገታችውን ሰብስባ ትተኩሰዋለች ከወዲያ።"

ገባኝ። ፍሬን የያዘ ነው ፍሬን የሚለቅመው።
መሮጡን እንጂ መግታቱን ማን አስቦ ሊያልመው?

ከመዝገቡ፦

ፉጂ፣ የሙከራ ቀን። አሥራ አንድ ዙር። ጭስ።
ስፓ፣ ስድስት ሰዓት። ዝናብ። የነዳጁ ሞተር ሞተ፤
የኤሌክትሪኩ ብቻውን ጎትቶ አመጣት።
ጭብጨባ አለ። ነጥብ የለም።
ባህሬን፣ ስምንት ሰዓት። አራተኛ።
ሺዙኤ ሳቀች። ይህ በመዝገብ አይገባም፤ አስገባሁት።
ለ ማን፣ የመጀመሪያው ዓመት። አምስተኛው ሰዓት ላይ እሳት።
ሾፌሩ ወጥቷል፤ ቅንድቡ ብቻ ነደደ።
ለ ማን፣ ሁለተኛው ዓመት።

እዚህ ላይ እርሳሴን ሁለት ጊዜ ቀረጽኩት።

ሃያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሁሉን ቀድማ ስትከንፍ፣
የሙልሳንን ጎዳና በመብራቷ ስትገርፍ፣
ጎህ ሲቀድ የአርናዥ ላሞች ቀና ብለው ሲያዩአት፣
የሣሩን ጤዛ ጠርጋ በነፋሷ ጅራት፣
በጋራዡ ውስጥ ማንም "አሸነፍን" አላለም፤
እንቅልፍ ያጣ ዓይን ሁሉ ከሰዓቱ አይነቀልም።

አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።
ዮርማ ሳሎቪርታ፣ ፊንላንዳዊው፣ ቃል የማያባክነው፣
ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣
"ፍሬኑን ያዝኩ" አለ።
"ምንም አልተመለሰም።"

እንዳለው ጻፍኩት። አንድ ፊደል አልጨመርኩም።

የአርናዥ ባንዲራ ያዥ፣ ኤርቬ ሌፔልቲዬ፣
ሌላ ቀን ሥጋ ቆራጭ ነው፤ እጁ ሰፊ።
መኪናዋን ከሾፌሩ ጋር ገፍቶ ከሣሩ አደረሰ፤
ከዚያ ቢጫ ባንዲራውን በብብቱ ያዘና፣
ኮፍያውን አወለቀ፣ እንደ ለቀስተኛ ቆመና።

ሰበቡ ሲፈለግ አንዲት ማያያዣ ተገኘች፣
የሩዝ ፍሬ ታህላለች፤ ጠርዟ ላይ ተሰንጥቃለች።
ሺዙኤ በመዳፏ ጨብጣት ገባች አውሮፕላን፤
ምግብ ሲመጣ በግራ እጇ በላች።
ይህንም አስገባሁት። የቡድኑ አለቃ አነበበው፤
ሊሰርዘው ላጲስ አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

ለ ማን፣ ሦስተኛው ዓመት። ስምንተኛ። ጨረሰች።
ከዚህ በኋላ ገጹ ባዶ ነው።

ደንቡ ተለወጠ፤ ከባዷ ባትሪ ተሻረች፤
ካሳሳጊ ከሐር ቤቱ ጥግ ሸራ ለብሳ ቀረች።
አንዳንዴ ሺዙኤ መጥታ ሸራውን ገለጥ ታደርጋለች፤
ጎማዎቿ አየር እንዳላቸው በአውራ ጣቷ ታያለች።

እኔም ማታ ማታ በቤሾ ባቡር ስመለስ፣
ጣቢያው ሲቃረብ ፍሬኑ ሲያፏጭ እሰማለሁ፤
ይህ ሁሉ ጉልበት አሁን የት ነው የሚሄደው?
ብዬ ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን አወርዳለሁ፤
በትኬቱ ጀርባ ላይ ሰዓቱን እጽፋለሁ።